ፓስወርድ ያለበት የአሮጌ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ፦ ትክክለኛውን ቃል አልቀበልም ይላል

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 500 ጊጋ፣ 2.5 ኢንች የሳታ (የውስጥ ዲስክ መሰኪያ ዓይነት) ሃርድ ዲስክ አለኝ። ላፕቶፑ ሲነሳ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይጀምር፣ የዲስክ ፓስወርድ ይጠይቃል። በዩኤስቢ ኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው መጠኑ ይታያል፤ ፎርማት ላድርገው ስል ግን ስሕተት ይሰጣል። የቀድሞው ባለቤት ፓስወርዱን ነግሮኛል፤ ሊኑክስ ላይ በኤችዲፓርም (ለዲስክ ትእዛዝ በሚልክ ፕሮግራም) ሳስገባው ግን አይቀበልም። ከአምስት ሙከራ በኋላ ጭራሽ «ኤክስፓየርድ» አለኝ። በውስጡ ያለው ፋይል አያስፈልገኝም። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ለሚገኝ የጽሕፈት ኮምፒውተር ልገጥመው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ 1

ወንድሜ፣ «ኤክስፓየርድ» ማለት ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለም። የሙከራው ገደብ አምስት ስለሆነ ነው። ሪስታርት ላይበቃው ይችላል፤ የዲስኩን ኃይል ነቅለህ መልሰህ ስትሰካው ቆጠራው እንደገና ይጀምራል።

የተነገረህ ቃልም ትክክል ሊሆን ይችላል። ብዙ የላፕቶፕ ባዮሶች (ኮምፒውተሩን የሚያስነሱት ፕሮግራሞች) የምትጽፈውን ፊደል እንዳለ ለዲስኩ አይሰጡትም፤ ወደ ቁልፍ ኮድ ወይም ወደ ሃሽ (ከቃሉ ተሰልቶ ወደሚወጣ ሌላ ኮድ) ቀይረው ነው የሚልኩት። ኤችዲፓርም ደግሞ ፊደሉን እንዳለ ስለሚልክ ለዲስኩ ሌላ ቃል ይሆንበታል። ስለዚህ ዲስኩን ወደ ወጣበት ላፕቶፕ መልሰው። ባዮስ ውስጥ ሴኩሪቲ ከሚለው ገጽ የሃርድ ዲስክ ፓስወርድን ምረጥ፣ አሮጌውን ጻፍ፣ አዲሱን ሲጠይቅህ ሁለቱንም ጊዜ ባዶውን ኢንተር ምታ፣ ሴቭ አድርገህ አጥፋው። ከዚያ ሊኑክስ ላይ በኤችዲፓርም፣ በትልቁ አይ ምርጫ (-I) ስታየው «ኖት ኢኔብልድ» (ፓስወርድ የለውም) ካለ ተገላገልክ።

ፓስወርዱ ጨርሶ ባይታወቅ ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። የዲስኩን ይዘት ማጥፊያው ትእዛዝ (ሴኩሪቲ ኢሬዝ) ራሱ የተጠቃሚውን ወይም የማስተሩን (የዲስኩን ሁለተኛ፣ ዋና) ቃል ይጠይቃል። ፎርማትም የዲስኩን ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መቀየርም አይፈታውም፤ ቁልፉ የተጻፈው ዲስኩ ለራሱ ባስቀረው ክፍል ውስጥ ነው። መለያው ላይ 32 ፊደልና ቁጥር ያለው «ፒኤስአይዲ» የታተመባቸው ራሳቸውን የሚያመሰጥሩ ዲስኮች ግን በዚያ ቁጥር ባዶ ሆነው ይከፈታሉ።

መልስ 2

ፓስወርዱ ከተነሳ በኋላ ለማጽዳት ቀላሉ መንገድ በዲዲ (የሊኑክስ መቅጃ ትእዛዝ) ከዳር እስከ ዳር ዜሮ መጻፍ ነው፤ ብሎኩን፣ በአንድ ጊዜ የሚጽፈውን መጠን፣ 4 ሜጋ ባይት አድርገው። በሴኮንድ 90 ሜጋ ከሄደ 500 ጊጋው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በዩኤስቢ 2 ከሆነ ግን ከአራት ሰዓት በላይ ጠብቅ። ከመጀመርህ በፊት የዲስኩን ሲሪያል ቁጥር መለያው ላይ ካለው ጋር አስተያየው፤ ዲዲ ሌላ ዲስክ ላይ ከሄደ መመለሻ የለውም።

ሴኩሪቲ ኢሬዝ፣ በተለይ «ኢንሃንስድ» የሚባለው፣ የተሻለ ያጸዳል፤ ተበላሽተው ዲስኩ በሌላ የተካቸውን ሴክተሮች (የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች) ዲዲ አይደርስባቸውም። ነገር ግን መጀመሪያ ጊዜያዊ ፓስወርድ ማስገባት ስለሚጠይቅ በዩኤስቢ ኬዝ እንዳትሞክረው። አንዳንዱ ኬዝ ትእዛዙን አዛብቶ ያስተላልፍና ዲስኩ ማንም በማያውቀው ቃል ተቆልፎ ይቀራል። ቀጥታ ሳታ ላይ ሰካው። «ፍሮዝን» (የሴኩሪቲ ትእዛዝ አልቀበልም) ካለህ ኮምፒውተሩን ስሊፕ አድርገህ ቀስቅሰው፤ ብዙ ጊዜ ይለቀቃል። የእኛ አገር መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ዲስኩ እንደተቆለፈ ይቆያልና በዚያው ጊዜያዊ ቃል እንደገና ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው። ባትሪው ሙሉ በሆነ ላፕቶፕ ብትሠራው ይሻላል።

ስትሰካው ቀጭ ቀጭ እያለ ካልተነሳ ቶሎ ሞተ አትበል። ዲስኩ ሲነሳ 1 አምፒር ገደማ ሊስብ ይችላል፤ ዩኤስቢ 2 የሚሰጠው ግማሽ አምፒር ነው። ሁለት ራስ ያለው ገመድ ተጠቀም።

ይህን ሁሉ ከመድከምህ በፊት ግን ስማርቱን (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበውን) አንብብ፤ ተቆልፎም ይነበባል። የተበላሹ ሴክተሮችን የሚቆጥሩት ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ዜሮ ካልሆኑ ለሰው ሥራ አትግጠመው።

መልስ 3

ማንም ስላላነሳው የመሐል ሜዳን ከፍታ ላንሳ። የዲስኩ ራስ ከሳሕኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ወደ ሳሕኑ ይጠጋል። የአብዛኛው ሜካኒካል ዲስክ የሥራ ከፍታ ገደብ 3,048 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ ስለሆነች ታልፋለች፤ መሐል ሜዳ ግን ገደቡ ላይ ናት። በዚያ ላይ የመንዝ ውርጭ አለ፤ ብዙዎቹ ዲስኮች ከ5 ዲግሪ በታች እንዲሠሩ አልተፈቀደላቸውም። ለጽሕፈት ኮምፒውተሩ 120 ወይም 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳሕን የሌለው ዲስክ) ግጠምለት፤ ይህኛውን ደብረ ብርሃን አስቀርተህ ለባክአፕ ተጠቀምበት።