«ከሌሊት ግርማ አትፈራም» ሲል ግርማው ምንድን ነው?

ከቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ደርሶን እዚህ ከገባን ጀምሮ እናቴ ኪዳን ለማድረስ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ ጅብም ይጮኻል። «አትፈሪም እንዴ?» ስላት «ግርማ ሌሊቱማ እንዳለ ነው፤ እኔን ግን ለቀቀኝ» አለችኝ። ከምትደግመው ዳዊት፣ ከመዝሙር 90 የመጣ ቃል ነው፦ «ከሌሊት ግርማ... አትፈራም»። እኔ የማውቀው ግርማ ሞገስን ነው። ሌሊት ምን ግርማ አለው? ደግሞ «እንዳለ ነው» እያለች እንዴት «ለቀቀኝ» ትላለች?

ሰዋስው ወዳድ፦
መዝሙር 91 ለማለት ነው?

የቆሎ ተማሪ፦
90 ነው ወንድሜ። እኛ የሰብዓ ሊቃናትን፣ የጥንቱን የግሪክ ትርጉም ቁጥር ነው የምንከተለው። 9ኛውና 10ኛው እንደ አንድ ስለሚቆጠሩ ከዚያ ወዲህ በ1 ይቀንሳል።
እህቴ፣ ገረመ በግዕዝ አስፈራ፣ አስደነገጠ ነው። በየገድሉ «ጸብአ አጋንንቱን፣ ድምፀ አራዊቱን፣ ግርማ ሌሊቱን ታግሠው» ሲባል ሳትሰሚ አትቀሪም። ያው ነው።

የሰበታው፦
ለእኔ ግን «ግር አለኝ» ከሚለው የመጣ ይመስለኛል። ጨለማ ውስጥ ሰው ግር ይለዋላ!

የቆሎ ተማሪ፦
ተው እንጂ! «መ»ን ከየት አመጣኸው? ሥሩ ገ-ረ-መ ነው። ይልቅ «ገረመኝ»ን አስብ። መደነቅና መፍራት አንድ ቤት ያደጉ ናቸው። ዛሬ ለምሳም ለጫማም «ግሩም» እንላለን። በመጽሐፍ ግን ግሩም የሚባለው እግዚአብሔር ነው። ንጉሥ ፊት ጉልበት የሚያብረከርከውም ግርማ ይኸው ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
ዋናው ነገር ግሱ ላይ ነው። «አትፈራም» አለ እንጂ «አትፍራ» አላለም። ገብርኤል እመቤታችንን «ኢትፍርሂ ማርያም» ሲላት ትእዛዝ አንቀጽ ነው። እዚህ ግን «ኢትፈርህ»፣ ትንቢት አንቀጽ ነው፤ የሚሆነውን ይናገራል እንጂ አያዝም። እንደምንም ብለህ ፍርሃትህን አሸንፍ አልተባለም። በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሰው አይፈራም ነው የተባለው።

የቄስ ልጅ፦
የእመቤታችንም ባዶ ትእዛዝ አይደለም። «በእግዚአብሔር ፊት ጸጋ አግኝተሻልና» ብሎ ምክንያቱን ሰጥቷታል። አትፍሪ የተባለችው የምትደገፍበት ስላላት ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
ምክንያት ስለተጨመረበት አንቀጹ አይለወጥም። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
ቅኔ ቤት ብትቀመጡ በዚህ አትጣሉም ነበር። ዲያቆኑ «ስግዱ ለእግዚአብሔር በፍርሃት» ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እትዉ በሰላም» ብሎ ያሰናብታል። በአንድ ቅዳሴ ሁለቱም አሉ። ፈጣሪውን የሚፈራ ሰው ሌሊቱ ያንስበታል። እኔ የምለው ይኼንን ነው።

የሰበታው፦
1ኛ ዮሐንስ 4፥18ስ? «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል» ይላል። የትኛውን ፍርሃት ነው?

የቄስ ልጅ፦
እዚያው «ፍርሃት ቅጣት አለውና» ይልሃል። ዱላ የሚጠብቅ ባሪያ ፍርሃት ሌላ፣ አባቱን ላለማሳዘን የሚጠነቀቅ ልጅ ፍርሃት ሌላ። የሚጣለው የፊተኛው ነው። አባቴ ንስሐ ልጆቹን ይህንኑ ነው የሚመክረው፤ እኔም አምናለሁ።

ሰዋስው ወዳድ፦
እሺ፣ ግን ጥቅሱ «ፍርሃት» ብቻ ነው የሚለው። ባሪያና ልጅ ትርጓሜ ነው።

የቄስ ልጅ፦
ትርጓሜ ከሌለ ንባብ ብቻውን ምን ያደርግልሃል?

ከቱሉ ዲምቱ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግርማው ገብቶኛል። «ለቀቀኝ» የሚለውን ግን ማንም አልነካልኝም። በሽታ ለቀቀኝ እንደሚባለው ነው? ወይስ አንቆ የያዘ ሰው ሲለቅ?

የቆሎ ተማሪ፦
እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እዚያው መዝሙር ላይ «የቀትር ጋኔን» የሚለውን እንጨርስ። በጠራራ ፀሐይ ስለሚያስፈራው እስካሁን ማንም ትንፍሽ አላለም።