ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚሆን ስፖርት ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 52 ነው፤ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ሐኪሙ «ተንቀሳቀሺ፣ ግን አትዝለዪ» ብሎኛል። ሰፈሬ ያለ ጂም ኤሮቢክስ ብገባ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። የውሃ ስፖርት፣ ዮጋ፣ ፒላቴስ የሞከራችሁ፣ የቱን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። እኔም ጉልበቴ መድከሙን ያወቅሁት በዐቢይ ጾም ስሰግድ ነው። ሦስቱንም ሞክሬያለሁ።

ላንቺ ውሃው ይቅደም። እስከ ወገብሽ ውሃ ውስጥ ስትቆሚ እግርሽ የሚሸከመው የክብደትሽን ግማሽ ያህል ነው፤ እስከ ደረትሽ ከገባሽ ከዚያም ያንሳል። ዋና መቻል አይጠበቅብሽም። እኔ አልችልም፤ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ነው የጀመርኩት። ፍልውሃ ገብቶ መቀመጥ ሕመም ያስታግስ ይሆናል እንጂ ጡንቻ አያጠነክርም፤ ጡንቻ የሚያጠነክረው ውሃውን እየገፉ መራመድ ነው። ከመክፈልሽ በፊት እጅሽን ነክረሽ ሙቀቱን እዪ፤ በእኛ አገር ማለዳ ቀዝቃዛ ገንዳ ሰውነትን ያኮማትራል። ደግሞ አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ስለሆነ፣ ውሃው ብቻውን አይበቃም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ተራመጂ። የመስቀል አደባባይን ደረጃ ግን ለጊዜው ተዪው፤ ጉልበትን የሚፈትነው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ነው።

ፒላቴስ፣ ማለትም የሆድና የጀርባ ጡንቻን የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ፣ ወገቤን አድኖታል፤ አብዛኛው ተኝቶ የሚሠራ ስለሆነ ጉልበት ላይም አይከብድም። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ዮጋ እንደ አስተማሪው ነው። የመጀመሪያዋ አስተማሪዬ ምን እንደሚያመኝ ሳትጠይቅ አንበረከከችኝ፤ ትቼ ወጣሁ። ሁለተኛዋ በር ላይ ተቀብላ «የት ያምዎታል?» አለችኝ፣ ከጉልበቴ ሥር የታጠፈ ጋቢ አደረገችልኝ። እስካሁን እሷ ጋ ነኝ።

ሌላ መልስ፦ እትዬ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የወር ከመክፈልዎ በፊት አንድ ቀን ብቻ ከፍለው ይሞክሩና ማግስቱን ይጠብቁ። ጡንቻ ቢዝል ደግ ነው፤ መገጣጠሚያው ካበጠ ወይም ሕመሙ በማግስቱ ከባሰ ስፖርቱ አልተስማማዎትም ማለት ነው። ሲሠሩ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካቃተዎት ልኩ ያ ነው። ደም ግፊት ካለብዎት ትንፋሽ አይያዙ። አጥንትዎ ሳስቷል ከተባሉ ደግሞ ወደ ፊት በጣም የሚያጎነብሰውን የዮጋና የፒላቴስ እንቅስቃሴ ይዝለሉት። የጂም ብስክሌትም ጥሩ ነው፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ትንሽ ብቻ እስኪታጠፍ ድረስ ወንበሩን ከፍ ያድርጉት። ወንበሩን ዝቅ አድርጎ መንዳት የጉልበትን ፊት ያሳምማል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ አንድ ገንዳ አይቼ መጣሁ። ውሃው ሞቅ ያለ ነው፣ አሰልጣኟም ስለ ጉልበቴ ጠየቀችኝ። መውረጃው ግን ቀጥ ያለ የብረት መሰላል ነው።

መልስ፦ እሱን ተዪው እህቴ። ሰውነትሽ ውሃ ውስጥ ቀልሎ ቆይቶ በመሰላል ስትወጪ ሙሉ ክብደትሽ ባንድ ጉልበት ላይ ይወድቃል። ሰፋፊ ደረጃና መደገፊያ ያለው ገንዳ ፈልጊ። እኔ የምሄድበት አለው፤ ማክሰኞ ጠዋት አብረን እንሂድ።