«ኑን» ድሮ ዘጠኝ ሰዓት ነበር

— ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን የቤት ሥራ ሳግዛት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሊንከን የጌቲስበርግ ንግግር መጣብን። ገና መነሻው ላይ «ፎር ስኮር ኤንድ ሰቨን ይርስ» ይላል። እኔ ስኮር የማውቀው በኳስ ነው። እዚህ ምን ማለት ነው?

— እህቴ፣ እዚህ ስኮር ማለት ሃያ ነው። አራት ጊዜ ሃያ ሰማንያ፣ ሰባት ሲጨመርበት 87። ንግግሩ የተደረገው በፈረንጆቹ 1863 ነው። 87 ቀንሺለት፤ 1776 ይመጣል፣ አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት ዓመት። ቃሉ ከጥንት ኖርስ፣ ከድሮ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ፣ የመጣ ነው፤ እንጨት ላይ የሚቆረጥ የመቁጠሪያ ምልክት ማለት ነው። የኳሱም ስኮር ከዚያው ምልክት ነው የወጣው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም መዝሙር 90 ላይ የሰውን ዕድሜ «ስሪ ስኮር ይርስ ኤንድ ቴን» ይለዋል። የኛው «ሰባ ዓመት» ብሎ ያልፈዋል። ሊንከን ቁጥሩን እንዲሁ ቢጠራው ኖሮ ያ ግርማ የሚኖረው አይመስለኝም።

— ጥሩ ጊዜ ተነሣ። ለንደን ያለች የአክስቴ ልጅ «ከአንድ ፎርትናይት በኋላ እመጣለሁ» አለችኝ። መቼ ልጠብቃት?

— ሁለት ሳምንት ጠብቃት ወንድሜ። ቃሉ «አሥራ አራት ሌሊት» ከሚለው ያጠረ ነው። የጥንት እንግሊዞች ጊዜን በሌሊት ይቆጥሩ ነበር። ለሳምንትም «ሰናይት» የሚል ቃል ነበራቸው፤ ሰባት ሌሊት ማለት ነው። እሱ ቀርቷል፣ ፎርትናይት ግን እንግሊዝ አገር ዛሬም የዕለት ቃል ነው። የኛ «ሳምንት» ደግሞ ከስምንት ነው የመጣው። ከእሑድ እስከ እሑድ ሁለቱንም እሑዶች ቆጥሩ፤ ስምንት ይሆናል። «የዛሬ ስምንት ቀን» የምንለውም ለዚህ ነው።

እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ «ኑን» ነው። ዛሬ ቀትር ማለት ነው፣ በኛ ስድስት ሰዓት። ሥሩ ግን የላቲኑ «ኖና» ነው፤ ዘጠነኛ ማለት። ሮማውያን የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ነበር የሚቆጥሩት፣ ልክ እንደኛ። ስለዚህ ኑን መጀመሪያ የኛው ዘጠኝ ሰዓት ነበር!

— ታዲያ እንዴት ወደ ስድስት ሰዓት መጣ?

— በቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መነኮሳት የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት ነበራቸው፤ በጾም ቀንም እህል የሚቀምሱት ከዚያ በኋላ ነበር። እየዋለ እያደረ ጸሎቱም ምግቡም ወደ ቀትር ተጠጋ። ስሙም አብሮ ሄደ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኑን ቀትር ሆኖ ጸንቷል። እናቴ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትጾመው፣ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ስለሆነ። ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች። እና የጥንት እንግሊዝኛ ጽሑፍ የምታነቡ ካላችሁ፣ «ኖን» የሚል ስታገኙ ቀትር ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። ዘጠኝ ሰዓት በሉት።