ሜዲካል ላብራቶሪ ከጨረሱ በኋላ፦ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኤምፒኤች ወይስ ዓረብ አገር? (ድሬዳዋ)

ሰላም ድሬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሜዲካል ላብራቶሪ ሳይንስ ዲግሪ አለኝ፣ የሙያ ፈቃድም አውጥቻለሁ፤ አሁን ድሬዳዋ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። ያሰብኩት ሦስት ነገር ነው፦ በሜዲካል ማይክሮባዮሎጂ ማስተርስ፣ ኤምፒኤች (በሕብረተሰብ ጤና ማስተርስ)፣ ወይም ወደ ሳዑዲና ኤምሬትስ መውጣት። ፋብሪካ ገብተሽ ጥራት ቁጥጥር ሥሪ የሚሉኝም አሉ። ቢቻል ሥራዬን ሳልለቅ ብማር እመርጣለሁ። ኦሪጅናል ዲግሪዬን ገና አልወሰድኩም፣ ያለኝ ቴምፖ (ጊዜያዊ ማስረጃ) ነው። የትኛው የት እንደሚያስቀጥር፣ ምን ላይ እንደሚያስቸግር የምታውቁ ንገሩኝ። «ልብሽ የወደደውን ተማሪ» የሚለውን ምክር ጠግቤያለሁ።

ፈረስ መጋላ፦
እህቴ፣ ከክፍት የሥራ ማስታወቂያ ተነሺና ወደ ትምህርቱ ነይ። በመጀመሪያው ማጣሪያ የሚታየው ዲግሪው ላይ የተጻፈው የመስክ ስም ነው። ሰነድ የሚለየው የሰው ሀብት ሠራተኛ ያመሳክራል፤ ስሙ ካልገጠመ ፋይልሽ እዚያው ይቀራል። የጥቂት ወራት ማስታወቂያ ሰብስቢና የተጠየቀውን የማስተርስ ስም፣ የልምድ ዓመትና የሥራ ቦታ ጻፊው። ሥዕሉ ቶሎ ይወጣል።

ማይክሮባዮሎጂ የሚፈለገው በዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት፣ በሪፈራል ሆስፒታል፣ በክልል ላብራቶሪ፣ በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በምርምር ፕሮጀክት ነው። በእኛ አካባቢ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቻምፕስ በሚባለው የሕፃናት ሞት መንስኤ ጥናት ሐረርና ቀርሳ ላይ ይሠራል፤ እንዲህ ያሉ ፕሮጀክቶች የላብራቶሪ ሰው ይፈልጋሉ። ቅጥሩ ግን በኮንትራት ነው፣ ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

ኤምፒኤች ከቤንች (ከላብራቶሪ ምርመራ ሥራ) ያስወጣሻል። ወደ ጤና ቢሮ፣ ወደ በሽታ ቅኝት፣ ወደ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ይወስድሻል። ላብራቶሪ ውስጥ እቆያለሁ ካልሽ ብዙም አያራምድሽም። ከመረጥሽው አጠቃላዩን ትተሽ ኤፒዲሚዮሎጂ ወይም ባዮስታቲስቲክስ ያዢ፤ ጎን ለጎን የጤና መረጃ ሥርዓቱን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2፣ የመረጃ መሰብሰቢያውን ኮቦ እና ለስታቲስቲክስ ትንተና ስታታ ወይም አር ተለማመጂ። የድርጅቶች ማስታወቂያ እነዚህን በስም ይጠይቃል።

ፋብሪካውን በተመለከተ፣ የጥራት ቁጥጥር ማስታወቂያ ላይ በብዛት የሚጻፈው ኬሚስትሪ፣ ፉድ ሳይንስ፣ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ፣ አንዳንዴም ባዮሎጂ ነው። ሜዲካል ላብራቶሪ እምብዛም አይገባም። የጥራት ሥራ ከወደድሽ በራስሽ ሙያ ውስጥ አለልሽ፦ አይ.ኤስ.ኦ 15189 (የሕክምና ላብራቶሪ የጥራት መስፈርት) እና ስሊፕታ (የአፍሪካ ላብራቶሪዎች ጥራት ምዘና)። ስሊፕታ ላብራቶሪን በኮከብ ይመዝናል፤ ከ55 በመቶ አንድ ኮከብ ይጀምራል፣ 95 ሲደርስ አምስት። ሰነድ ማዘጋጀትና የውስጥ ኦዲት ማድረግ የሚችል ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ይህን ለመማር ደግሞ ማስተርስ አያስፈልግም።

መግቢያው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ኤንጋት) ማለፍ፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ጋ ማመልከት። ኤንጋት የላብራቶሪ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ቋንቋ፣ ሒሳብና አመክንዮ ነው። ከትምህርት ቤት በኋላ ሒሳብ ያልነካ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። የሐረማያ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ከተማ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ጋ ነው፤ ዋናው ግቢ ሄደሽ እንዳትንከራተቺ። ከሥራ ጋር መማር ለኤምፒኤች በሳምንት መጨረሻ መርሐ ግብር ሊሆን ይችላል። ማይክሮ ግን ዛሬ ሚዲያ ላይ የዘራሽውን ናሙና ነገ ጠዋት ማንበብ አለብሽ፤ ደንገጎን (የድሬና ሐረር መንገድ ዳገት) እየወጡና እየወረዱ የሚሠራ አይደለም።

ማይክሮ ሐረር፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ማይክሮ ለምትገባ ሰው ግን ዋናው ወጪ መመረቂያ ጽሑፉ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ልቆይ።

የናሙና ብዛት ሲሰላ ሁሉም ሰው 384 ብሎ ይጀምራል፤ ስርጭቱን 50 በመቶ፣ ስህተቱን 5 በመቶ ሲይዙ የሚመጣው ቁጥር ነው። 10 በመቶ ምላሽ የማይሰጥ ሲጨመር ወደ 422 ይጠጋል። የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ መመርመር) ነው እንበል፤ ለእያንዳንዱ ናሙና ባክቴሪያ የሚበቅልባቸው ሁለት ሚዲያዎች፣ አንድ ብለድ አጋር፣ አንድ ማኮንኪ። 844 ፕሌት በ20 ሚሊ ሊትር ሲባዛ ወደ 17 ሊትር ሚዲያ ነው፣ የተበከለውና የተደገመው ሳይቆጠር። በቅርብ አካባቢ የተሠራ ጥናት 15 በመቶ ካገኘ ግን በዚያ አስይዘሽ ስታሰይው 196 ይወጣል፣ ከጭማሪው ጋር 216። ወጪው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። ግን ልብ በይ፦ ከ196 ሰው 15 በመቶው 29 አይሶሌት (ከናሙና ተለይቶ የወጣ ባክቴሪያ) ብቻ ነው። በ29 ባክቴሪያ ላይ የመድኃኒት መላመድ በመቶኛ ስትጽፊ ፈታኙ ዝም አይልም፣ ተያያዥ ምክንያቶችን መተንተንም አይቻልም። ርዕሱ ከመጽደቁ በፊት ከአማካሪሽ ጋር በዚህ ተነጋገሪ፤ ከጸደቀ በኋላ መቀየር ከባድ ነው።

ብለድ አጋሩን በበግ ደም ሥሪው፣ 5 በመቶ። ጊዜው ያለፈበት የደም ባንክ ደም የሚጠቀሙ አሉ፤ ውስጡ ያለው ሲትሬት፣ ፀረ እንግዳ አካል፣ አንዳንዴም አንቲባዮቲክ ዕድገቱን ይገታል፣ ሄሞሊሲሱም (የቀይ ደም ሕዋስ መፍረስ) አያስተማምንም።

የመድኃኒት መላመድ የሚመረመርበት የአንቲባዮቲክ ዲስክ ከሁሉም በላይ ይበላሻል። ክምችቱ በ-20 °ሴ ይቀመጥ፤ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ሳይከፈት አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። መብራት እየጠፋ ሲመጣ ቀድመው የሚበላሹት አሞክሲሲሊን ክላቩላኔትና ኢሚፔነም ናቸው። ስለዚህ በየሳምንቱ የመቆጣጠሪያ ባክቴሪያዎቹን ኢ. ኮላይ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ 25922ን፣ ለአሞክሲሲሊን ክላቩላኔቱ ደግሞ 35218ን አብረሽ ሥሪ፤ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ከተፈቀደው ጠብቦ ከተገኘ ችግሩ ዲስኩ ወይም አሠራሩ ላይ ነው፣ የታካሚውን ውጤት አትመዝግቢ። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሚዲያ (ሙለር ሂንተን) ጥልቀቱ 4 ሚ.ሜ ይሁን፤ ከወፈረ ክቡ ይጠባል፣ ከሳሳ ይሰፋል። የባክቴሪያው ውህድ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ)፣ ከተዘጋጀ በ15 ደቂቃ ውስጥ ፕሌቱ ላይ።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳይወጣ አንድ ናሙና አትሰብስቢ። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጸድቅ ነገር የለም።

ከዚራ 4፦
አቦ ስለ ዓረብ አገሩ ማንም አላነሳም። እዚያ የሙያ ፈቃድ ፈተናው (ፕሮሜትሪክ) ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሰው የሚቀረው ዳታፍሎው ላይ ነው። ዳታፍሎው ዲግሪሽን ለማረጋገጥ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ ልምድሽን ለማረጋገጥ ለቀጣሪሽ ይጽፋል። ክሊኒኩ ካልመለሰ ወይም ስሙን ቀይሮ ከሆነ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ተብሎ ይመጣል፣ የከፈልሽው ገንዘብም አይመለስም። ከክሊኒኩ ሳትወጪ በፊት የሚሠራ ኢሜይላቸውን፣ የሚመልሰውን ሰው ኃላፊነትና ማኅተም ያለው የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ያዢ። ደብዳቤው ላይ የሥራ መደቡ ከሙያ ፈቃድሽ ጋር አንድ ይሁን።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ ዓመቱ ላይ 7 ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ 8። መስከረም 2013 ዓ.ም. የፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2020 ነው፤ 2021 ብሎ የጻፈ ጸሐፊ አንድ ዓመት ልምድ በላብሽ ማለት ነው። ስምሽም ፓስፖርቱ፣ ዲግሪውና የሙያ ፈቃዱ ላይ በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል መጻፍ አለበት። ልዩነት ካለ የሚታረመው ኦሪጅናሉ ከመታተሙ በፊት ነው፤ አንቺ ደግሞ ገና አልወሰድሽም፣ አሁኑኑ ሬጅስትራር ጋ ሄደሽ አረጋግጪ። ኦሪጅናሉን ለማውጣት የወጪ መጋራት ዕዳሽን ከፍለሽ ማረጋገጫ ማምጣት ይጠበቅብሻል።

ሌላው፦ ለዓረብ አገር ሁለት ዓመት የቅርብ ልምድ በብዛት ይጠየቃል። ሥራ ለቀሽ ሁለት ዓመት ማስተርስ ከተማርሽ በኋላ ስታመለክቺ ያ ጊዜ እንደ ክፍተት ሊታይ ይችላል። ሁለቱንም የምትፈልጊ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ላይ አስቢበት።

ሰላም ድሬ፦
እናመሰግናለን፣ ኦሪጅናሉን ነገ ሬጅስትራር ጋ እጠይቃለሁ። ፓራሲቶሎጂስ? ውጭ አገር ስኮላርሺፕስ?

ፈረስ መጋላ፦
ለድሬ ፓራሲቶሎጂና ኢንቶሞሎጂ (የጥገኛ ተውሳክና የነፍሳት ጥናት) ጥሩ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከአኖፌለስ ስቴፈንሳይ ጋር ተያይዟል፤ ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፣ በርሜልና የውኃ ታንከር ይበቃታል፤ ድሬ ደግሞ ቤቱ ሁሉ ውኃ ያጠራቅማል። ከዚያ ላይ በአፍሪካ ቀንድ ኤች.አር.ፒ 2 የተባለው ዘረመል የጎደላቸው ፋልሲፓረም የተባሉ የወባ ጥገኞች ስላሉ ፈጣን ምርመራው ኔጌቲቭ ያለውን ማይክሮስኮፕ ያገኘዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ምዘና ደረጃ አንድ ለመባል ጥገኛውን በመለየት 90፣ ዝርያውን በመለየት 90፣ በመቁጠር 50 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው ቆጠራው ላይ ነው።

ለስኮላርሺፕ፣ ኤራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት) በወር 1400 ዩሮ ይሰጣል፤ ማመልከቻው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ቼቭኒንግ (የብሪታንያ) 2800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል። የዳድ (የጀርመን ስኮላርሺፕ ሰጪ) የልማት ኮርሶች ከዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ፣ ዲግሪሽም በብዛት ከስድስት ዓመት ያለፈው መሆን የለበትም። ስለዚህ የክሊኒኩን ልምድ የሥራ ግብር በተከፈለበት ደብዳቤ አስመዝግቢ፤ ግብር ያልተከፈለበትን የግል ድርጅት ልምድ እዚህ አገርም ብዙ መሥሪያ ቤት አይቀበልም።