ክርክር፦ በጄፈርሰን የመቃብር ግቢ መቀበር የማን መብት ነው?

መነሻ፦ የቨርጂኒያ ገዥ፣ በኋላም የአሜሪካ 3ኛ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን በ1826 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሞቶ በመኖሪያው በሞንቲሴሎ ተቀበረ። ዘሮቹ ዛሬም እዚያው ይቀበራሉ። በባርነት ከያዛት ከሳሊ ሄሚንግስ የተወለዱት ልጆች ዘሮችስ?

ጠበቃው፦ መጀመሪያ ባለቤቱ ይለይ። ቤቱን በ1923 የገዛው የቶማስ ጄፈርሰን ፋውንዴሽን ነው። መቃብሩ ግን ርስቱ ሲሸጥ በቤተሰቡ እጅ ቀርቶ፣ ዛሬ በ1913 የተቋቋመው የዘሮቹ ማኅበር፣ የሞንቲሴሎ ማኅበር ይዞታ ነው። ማኅበሩ በ2002 ድምፅ ሰጥቶ የሄሚንግስን ዘሮች 74 ለ6 አልቀበልም ብሏል። ፋውንዴሽኑ በ2000 ባወጣው ሪፖርት በጄፈርሰን አባትነት ጉዳይ ሄሚንግሶችን ቢደግፍም የመቃብሩን በር መክፈት አይችልም።

የዘረመል ባለሙያዋ፦ ማኅበሩ የተከራከረው በዲኤንኤው ላይ ስለሆነ እሱን እናጥራ። ጄፈርሰን ከሚስቱ የወለደው፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ የለውም። ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ደግሞ የሚተላለፈው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1998 ናሙናው የተወሰደው ያንኑ ክሮሞዞም ከሚጋራው ከአጎቱ ከፊልድ ጄፈርሰን፣ በወንድ ልጆች ሐረግ ከመጡ ዘሮች ነበር። ውጤቱ ከሳሊ የመጨረሻ ልጅ ከኤስተን ዘር ጋር ገጠመ። የጄፈርሰን ቤተሰብ «አባቶቹ እነሱ ናቸው» እያለ ለረጅም ጊዜ ሲጠቁምባቸው ከነበሩት ከእኅቱ ልጆች፣ ከካር ወንድማማቾች ዘር ጋር ግን አልገጠመም። የቀረው ክፍተት ወንድሙ ራንዶልፍም ያንኑ ክሮሞዞም መያዙ ነው። «መቃብሩ ተከፍቶ አፅሙ ይታይ» ለምትሉ፦ በዚህ ምርመራ ከአፅሙም የሚገኘው ያው ክሮሞዞም ስለሆነ ሁለቱን አይለይም።

ተቃዋሚው፦ ታዲያ ራንዶልፍን ለምን እንዘለዋለን? በነሐሴ 1807 ወደ ሞንቲሴሎ ተጋብዟል፣ ኤስተን በግንቦት 1808 ተወለደ። ወሩን ቁጠሩት። በ2001 ጉዳዩን ያየው የምሁራን ኮሚሽንም በአብዛኛው በቶማስ አባትነት አላመነም።

የታሪክ መምህሯ፦ ወንድሜ፣ የግብዣው ደብዳቤ አለ፤ መምጣቱ ግን የትም አልተመዘገበም። ደግሞም አንዱን ልጅ ብቻ መዝዘው ነው የያዙት። ሳሊ ስድስቱን ልጆች በፀነሰችባቸው ጊዜያት ሁሉ ቶማስ ሞንቲሴሎ ነበር። ለሥራ ለወራት ርቆ በሚቆይበት ዘመን እንኳ እሱ በሌለበት የተፀነሰ የለም። ልጇ ማዲሰንም አባቱ ጄፈርሰን መሆኑን በ1873 በጋዜጣ ተናግሯል። ያደጉት አራቱም ነፃ ሲወጡ፣ በ1827 በጄፈርሰን ዕዳ ምክንያት 130 ሌሎች ባሪያዎቹ ለጨረታ ቀርበዋል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የማኅበሩ አባላት ራሳቸው የሚቆጠሩት በሴት ልጆቹ በማርታና በማሪያ በኩል ነው። በዚያ ሐረግ የጄፈርሰን ዋይ ክሮሞዞም አይገኝም! እነሱ የገቡት በቤተሰብ መዝገብ ነው፤ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው መዝገብ ደግሞ የጌታው የንብረት ደብተር ነው። ርስት በእናትም በአባትም ሲቆጠር ላየ ሰው፣ አንዱን ወገን በመዝገብ፣ ሌላውን በደም መመዘን ፍርድ አይደለም።

ጠበቃው፦ ያሳምናል፤ የግል መሬት መሆኑን ግን አያስቀርም።

የታሪክ መምህሯ፦ የግል ከሆነ ሐውልቱስ? የመጀመሪያውን ድንጋይ ጎብኚዎች ለማስታወሻ እየሸረፉ ስለጎዱት በ1883 ለሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። አሁን የቆመው በኮንግረስ ገንዘብ የተሠራ ነው።

ጠበቃው፦ ኮንግረስ የከፈለው ለድንጋዩ ነው፣ ለመሬቱ አይደለም። ደንቡን መለወጥ የሚችሉት አባላቱ ብቻ ናቸው፤ ግፊቱም በእነሱ ላይ ይሁን።

የታሪክ መምህሯ፦ በዚህ እንስማማለን። በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ከ40 በላይ ባሪያዎች እንዳረፉበት የሚታመን መቃብር አለ፤ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ የለውም። ሳሊም በ1835 ሻርሎትስቪል ሞታ የተቀበረችበት ቦታ አይታወቅም። ዘሮቿ የጠየቁት አፅም ይዛወር ብለው አይደለም፤ እነሱ ሲሞቱ በዚያ አጥር ውስጥ እንዲቀበሩ ነው።