ለኮርሳ ብስክሌት የሚመች መሪ የቱ ነው?

የሱሉልታው፦ ሰላም ጓዶች። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ቁልቁል ስወርድ ወደ ታች የታጠፈውን የመሪውን ታችኛ ክፍል መያዝ አቃተኝ፤ ወገቤ እሺ አይልም። ወደ ጫንጮ ሜዳው ላይ ደግሞ ትንሿ ጣቴና ጎረቤቷ ይደነዝዛሉ። ብስክሌቱ የመጣው ከ44 ሳንቲ ሜትር መሪ ጋር ነው፤ እኔ ደግሞ ትከሻዬ ጠባብ ነው። ምን ልግዛ? ኪሴን አትርሱ እንጂ።

ጎማ ነፊ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ትከሻህን አስለካ፤ ከአጥንት ጫፍ እስከ አጥንት ጫፍ። 40 ከመጣ 40 ግዛ። ከስፋቱ በላይ ግን ጥልቀቱን እይ። የድሮዎቹ በጣም ይወርዳሉ። ወደ ፊት ከ70 እስከ 80 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ታች ከ120 እስከ 130 የሆነ ፈልግ። ያኔ ታችኛውንም ትይዘዋለህ፤ በዚያ ቁልቁለት ፍሬን የሚጠነክረው ከዚያ ስትይዝ ነው።

ሰበታ፦ መሪው የሚታሰርበትን የመሃሉን ውፍረትም ለካ፤ ከማሰሪያው ጋር መግጠም አለበት! አዲሶቹ አብዛኞቹ 31.8 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የድሮዎቹ 26 ወይም 25.4። ካልገጠመ አንዳንዱ ጠጋኝ «ችግር የለም» ብሎ ቆርቆሮ ጠቅልሎ ያስርልሃል። እንዳትሰማው። ጉድጓድ ስትገባ መሪው ይዞራል።

እህታችሁ፦ እኔ ብሆን ከመሪው በፊት ኮርቻውን አያለሁ። አፍንጫው ወደ ታች ከደፋ ክብደትህ በሙሉ እጅህ ላይ ነው። ጣቶችህ የሚደነዝዙት በመዳፍህ ጠርዝ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን ነው። የፍሬን እጀታውንም ትንሽ ወደ ላይ አዙረው፣ አንጓህ ቀጥ ይበል። ይህ ሁሉ በነፃ ነው።

የሱሉልታው፦ ተባረኩ። መሃሉ 31.8 ነው፣ ለካሁት። ያገለገለ 40 ያላችሁ ወዲህ በሉ።