ድርጅቱ በድንገት ተዘጋ፣ ወንድሜ ሚሌ ላይ ቆሟል። ምን ይሻላል?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ጅማ ባለ አንድ የጭነት ድርጅት የተሳቢ ሹፌር ነው። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ ሲመለስ ሚሌ ላይ ነዳጅ አለቀበት። ብር ላኩልኝ ብሎ ቢደውል ስልክ የሚያነሳ የለም። እኔ ቢሮ ድረስ ሄጄ ሳይ በሩ ተቆልፏል፣ ዘበኛው «ኮምፒውተሩን ሁሉ ጭነው ሄዱ፣ የእኔንም ደመወዝ አልከፈሉም» አለኝ። ጋላፊና አዋሽ ላይ የቆሙ ጓደኞቹም አሉ። አበላቸው አልቋል፣ በዚያ ሙቀት መኪና ሥር ነው የሚያድሩት። አንዳንዶቹ ትርፍ ጎማ ሸጠን እንሳፈር እያሉ ነው። ሲቀጠር ተያዥ የሆንኩት ደግሞ እኔ ነኝ። መኪናውን ጥሎ ቢመጣ እኔ ልጠየቅ ነው? ያልተከፈለው ደመወዝስ?

ባለ ተሳቢ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጎማዋን እንዳይነኳት ንገራቸው። ደመወዝ ባይከፈልህም የድርጅቱን ንብረት ከሸጥክ በእምነት ማጉደል ትከሰሳለህ። ያኔ ባለ ዕዳው አንተ ሆነህ ታርፋለህ። ኮንቴይነሩማ ጭራሽ አይታሰብ፣ ፕሎምፑ (ጉምሩክ በሩ ላይ ያሰረው ማሸጊያ) ከተነካ ጣጣው ከጉምሩክ ጋር ነው። ደግነቱ ሚሌ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጉምሩኮቹም እዚያው ናቸው። ሰነዱን ይዞ ይሂድና ያስመዝግብ። ሰነዱ ላይ የባለ ጭነቱ ወይም የአስተላላፊው (የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽምለት ወኪል) ስም ይኖራል፣ ለእነሱ ይደውል። የመኪናው ባለቤት ቢጠፋም ባለ ጭነቱ አይጠፋም፣ ዕቃው መሃል መንገድ ላይ ቆሞበት እንዴት ይተኛል? ነዳጅ ቢሸፍን ወይም ሌላ መኪና ቢልክ ያዋጣዋል። ብቻ ዕቃው ወደ ሌላ መኪና የሚዛወር ከሆነ ጉምሩክ ባለበት ይሁን።

የግድ ትቶት የሚመጣ ከሆነ ግን ፖሊስ ጣቢያ ሳያስመዘግብ እንዳይነቃነቅ። ኪሎሜትሩን፣ ጎማውን፣ ባትሪውን በቪዲዮ ይቅረጽ። ቁልፉን ለማን እንዳስረከበ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይያዝ። ነገ መኪናው ተፈታቶ ቢገኝ አንተም በተያዥነትህ የምትከላከለው በዚያ ወረቀት ነው።

ጠበቃው፦
ባለ ተሳቢ ልክ ነው። ስለ ገንዘቡ ልጨምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት በኪሳራም ሆነ በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ ሠራተኛው ባዶ እጁን ይሂድ አይልም። ያልተከፈለ ደመወዝ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ስንብት ክፍያም አለ፤ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። በመዘጋቱ ምክንያት ደግሞ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ ይጠየቃል።

እዚህ ጋ ሹፌሮችን የሚጎዳ ነገር አለ። ስሌቱ በደመወዝ ነው፣ ውሎ አበል አይቆጠርም። ሹፌር ደግሞ የሚኖረው በአበል ነው፣ ውሉ ላይ ያለው ደመወዝ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ብዙ ብር አትጠብቁ፣ ግን አትተዉትም። ክሱ ሳይቀርብ 6 ወር ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ይቀድማል፣ ቢሆንም መኪኖቹ ተሸጠው ካለቁ ቅድሚያው ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ፈጥናችሁ እግድ ጠይቁ። ጡረታውንም አጣሩ። ከደመወዙ የሚቆረጠው 7 በመቶና ድርጅቱ የሚጨምረው 11 በመቶ ገቢ ካልሆነ እሱም ይጠየቃል።

የቆጪ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ረዳቱስ? የጽሑፍ ውል የለውም።

ጠበቃው፦
ውል በቃልም ይሆናል። ደመወዝ ይከፍለው የነበረው ድርጅቱ መሆኑን ወንድምህና ሌሎቹ ይመስክሩለት። ከሹፌሩ ኪስ ከነበረ ግን ያከራክራል።

ከሜሪላንድ፦
እዚህ አሜሪካም ያው ነው ጎበዝ። በፈረንጆቹ 2009 ታኅሣሥ፣ ገና ሊገባ ሲል፣ ተልሳ ከተማ የሚገኘው አሮው ትራኪንግ የሚባል የጭነት ድርጅት ድንገት ተዘጋ። ሹፌሮቹ ያወቁት የነዳጅ ካርዳቸው አልሠራ ሲላቸው ነው። በየመንገዱ የቀሩትን ሌሎች ሹፌሮች በፌስቡክ እየተፈላለጉ ሊፍት ሰጧቸው፣ ብር አዋጡላቸው። በ2023 «የሎው» የሚባለው የጭነት ድርጅት 30,000 ገደማ ሠራተኛ ይዞ ሲዘጋ እንኳ ቢያንስ ወሬው ቀድሞ ተሰምቶ ነበር። እናንተም ቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና ሁሉም በአንድ ላይ ይክሰስ፣ አንድ በአንድ ከሄዳችሁ ሰልችቷችሁ ትተዉታላችሁ። ለምግብና ለመሳፈሪያ እኔም የአቅሜን አዋጣለሁ።

የቆጪ ልጅ፦
ወንድሜ ሰነዱን ይዞ ወደ ጉምሩክ እየሄደ ነው። ጎማውንም ተዉት ብሏቸዋል። ግሩፑን ዛሬ እከፍታለሁ። ጋላፊና አዋሽ የቆሙት ቤተሰቦች ጅማ ካላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የሥራ ውልና የደመወዝ ወረቀት ቤት ውስጥ ካለ ከአሁኑ ፈልጉ።